የአምስተኛ ክፍል አየር

ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ

ትምህርት ተከፈተ። ውጭ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። ሕንፃውን የሚያሞቀው ቦይለር ሦስት ጊዜ አስሎ ተነሳ። እኔ ሁለት ጊዜ።

የገና ዛፉን ቅጠል እስካሁን ከአዳራሹ ወለል እየለቀምኩ ነው። የዘንድሮው ብቻ አይመስለኝም።

ምሳ እንዳለቀ ዴልፊን ጋኞን ቦይለር ክፍል ድረስ ወረደች። አምስተኛ ክፍልን ታስተምራለች። ስትናደድ መነጽሯን ታወልቃለች። አውልቃው ነበር።

«ሮይስ፣ ልጆቼ ተኝተዋል።»

«ሁሉም?»

«ነቅተው የቀሩት አራት ናቸው። ከአራቱ አንዷ ሩቲ ናት። እሷም ራሴን አመመኝ ብላ ነርሷ ጋ ሄደች።»

«ምን እያስተማርሽ ነበር?»

«ክፍልፋይ።»

«እንግዲህ…»

«እንዳትጨርሳት!»

አልጨረስኳትም። ማካሮኒው ይሆን? ከትምህርት ቤታችን ማካሮኒ በኋላ ነቅቶ የሚያውቅ ማን አለ? ግን ሩቲ ስቶዳርድ ምሳዋን ከቤት ነው የምታመጣው። የሚያማት ደግሞ ሁልጊዜ ሰባት ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደህና ናት አሉ።

ቅዳሜን የሚያውቅ ራስ ምታት… እኔም በልጅነቴ ነበረብኝ። የእሷ ግን የእውነት ይመስላል። ፊቷ አመድ ይሆናል።

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

ዴልፊን የክብሪት ሳጥን የምታክል መለኪያ ይዛ መጣች። ወንድሟ በመስታወት ቤት ቲማቲም ያለማል። የእሱ ናት።

«ምንድን ነው የምትለካው?»

«የተቃጠለ አየር። እኛ ተንፍሰን የምናስወጣውን።»

«ለቲማቲም?»

«ቲማቲም ይወደዋል። ልጆች አይወዱትም። አንድ ሺህ ሲያልፍ ሰው መፍዘዝ ይጀምራል።»

ውጭ፣ በሩ ላይ፦ 420። ቦይለር ክፍል፦ 610። (በሩ ገጥሞ አያውቅም። ለሃያ ዓመት አስተካክለዋለሁ ስል ኖሬአለሁ። ስንፍናዬ ጤናዬን ጠብቆልኛል ማለት ነው።) አምስተኛ ክፍል፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ፦ 2,940።

ዴልፊን መለኪያዋን ነቅነቅ አድርጋ ደግማ አየቻት።

«ቲማቲም ቢሆኑ ኖሮ…» አልኩ።

«ሽልማት እናገኝ ነበር» አለች።

ክፍሉ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። ከላይ ኮርኒሱ ሥር አንዲት የማትከፈት ቀጭን መስታወት አለች። የቀረው ጡብ ነው። ሃያ ሁለት ልጆች ከጠዋት ጀምሮ እርስ በርሳቸው የተነፈሱትን መልሰው ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ለአርባ አምስት ዓመት ይህን ክፍል ጠርጌያለሁ። አንድም ቀን ስለ አየሩ አላሰብኩም። ወለሉን እንጂ።

ጃንዋሪ 12፣ እሁድ

መለኪያዋን ለቅዳሜና እሁድ ተዋስኳት። ልጅ አዲስ ብስክሌት ሲሰጠው እንደሚሆነው ሆንኩ።

ወጥ ቤቴ፦ 700። የሎቲ ሱቅ፦ 950። ቤተ ክርስቲያን፣ መዝሙር ሲጀመር፦ 1,100። ስብከቱ መሃል ላይ፦ 1,980።

ስንት ዓመት ሙሉ እያንቀላፋን ጥፋቱን በፓስተሩ ላይ ስንጥል ኖረናል…

አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ ኢስትማን ወደ እጄ ጎንበስ ብላ፣ «የልብህ ነው እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የሁላችንም ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ሰዓት በሐዘኔታ ስታየኝ ነበር።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የ1926 ፎቶ ዛሬ በደንብ አየሁት። ስንት ጊዜ መስታወቱን ወልውዬዋለሁ። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚደርሱ ናቸው! ያን ጊዜ የሠሩት ሰዎች ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በኢንፍሉዌንዛ ልጆቻቸውን የቀበሩ ናቸው። አየር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር።

ሌላም አገኘሁ። አምስተኛ ክፍል፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ፣ አበባ የተፈለፈለበት የነሐስ ፍርግርግ። የአየር መውጫ። ወደ ጣሪያ የሚሄድ መንገድ ነበረው ማለት ነው። አፍንጫ የሚጠረግበት ስስ ወረቀት አስጠጋሁበት። ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቦታ ላይ ተዘግቷል። የት? በማን?

ነገ ወደ ላይ እወጣለሁ።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

ከኮርኒሱ በላይ ወጣሁ። በስልሳ ሦስት ዓመት መሰላል መውጣት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ለምን እንደወጡ ማስታወስ ነው።

የርግብ ኩስ። ግማሾቹ አገሮች ዛሬ የሌሉበት የተጠቀለለ ካርታ። አንድ እግር ጫማ። ምሥራቅ ጥግ ላይ ከየክፍሉ የሚመጣው የአየር መንገድ አፍ አለ። ከጡብ የተሠራ፣ ሰው የሚያስገባ። ላዩ ላይ ላሜራ ተገጥሞበታል። ስምንት ብሎን። ዳር ዳሩ በሬንጅ ተለስኗል። ብርድ ቀርቶ ሐሜት አያስገባም።

ማን ይሆን እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሠራተኛ? ብዬ አደነቅኩ። አቧራውን በእጄ ጠረግኩት።

በቀይ ቀለም የስሜና የአባቴ ስም መጀመሪያ ፊደላት። ከፊደላቱ በታች፦ ኖቬምበር 1979።

ተቀመጥኩ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ፣ የመጀመሪያ ክረምቴ። ናፍጣ የተወደደበት ዓመት። የትምህርት ቤቱ ቦርድ መስኮቶቹን በጡብ አስደፈነ። ያም ሆኖ ሙቀቱ ያመልጥ ነበር። በየት እንደሚያመልጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የዘጋሁትም እኔ። ማንም አላዘዘኝም። በራሴ ብልጠት።

ሜርል ስቶዳርድ፣ የሩቲ አያት፣ ያኔ የቦርዱ ትንሹ አባል ነበር። በስብሰባ ፊት አቁሞ፣ ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ራሱ ያፈላውን አንድ ጋሎን ጣፋጭ ሽሮፕ ሸለመኝ። ተጨበጨበልኝ።

ላሜራውን እንዴት ረሳሁት? ሽሮፑን አልረሳሁም።

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ

ፈታሁት። ሰባቱ ብሎን በመፍቻ ወጣ። ስምንተኛውን ቆረጥኩት። ለዴልፊን «የተዘጋ ነገር አግኝቻለሁ፣ እንሞክረው» አልኳት። ማን እንደዘጋው አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

ሰባት ሰዓት ከሃያ፦ 710።

ሩቲ ነርሷ ጋ አልሄደችም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ክፍልፋይ ከአንድ ሊበልጥ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። ዴልፊን ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

እርግጥ ጥያቄውን የጠየቀው ካፖርትና ጓንት አድርጎ ነው። ክፍሉ ውስጥ ውርጩ ይወርዳል።

ጃንዋሪ 17፣ ዓርብ

የአምስተኛ ክፍል ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ፈነዳ። ሁለት ባልዲ ውኃና አንድ የተናደደች ርዕሰ መምህርት።

ለካ በ1926 አየሩ ሲገባ በሚሞቅ ጥቅልል ቧንቧ መሃል ያልፍ ነበር። የሚገፋውም ሞተር ነበረው። ሁለቱም ለአሮጌ ብረት ተሸጠዋል። የቀረው ቀዳዳው ብቻ ነው። በቀዳዳ ብቻ ትምህርት ቤት አይተነፍስም። ወይ ይታፈናል ወይ ይበርዳል።

መልሼ ዘጋሁት። ሰባት ብሎን።

የመጀመሪያውን ጊዜ ሳላውቅ ነው የዘጋሁት። የዛሬውን ግን…

ሩቲ ከምሳ በኋላ ነርሷ ጋ ሄደች።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ሐይቁ ላይ፣ በሜርል የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ውስጥ ዋልን። በረዶ በሆነው ውኃ ላይ የቆመች፣ ወለሏ ላይ የማጥመጃ ቀዳዳ ያላት፣ ሁለት ሰውና አንድ ምድጃ የምትይዝ። ሜርል ስንጥቋን ሁሉ በአሮጌ ካልሲ ጠቅጥቋታል። መለኪያዋን አወጣሁ። ገና ሳላስቀምጣት መጮህ ጀመረች።

«አጥፋት፣ ዓሣውን ታስደነግጥብኛለች!»

«ሜርል፣ አራት ሺህ አልፏል። እዚህ ውስጥ ቲማቲም ብቻ ነው የሚኖረው።»

«ሰላሳ ዓመት አጥምጄበታለሁ።»

«ሰላሳ ዓመት እንቅልፍ ተኝተህበታል።»

ሳቀ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ማርች ላይ፣ ነዋሪው ሁሉ ድምፅ በሚሰጥበት የከተማው ዓመታዊ ስብሰባ፣ አጀንዳ ዘጠኝ ይቀርባል። ትምህርት ቤቱን ከሥሩ ማደስ። መስኮቶቹን መክፈት፣ ግድግዳውን ማወፈር፣ ናፍጣውን ትቶ ከመሬት ሥር በሚወጣ ሙቀት ማሞቅ፣ አየሩን ቀን ሙሉ መቀየር። ግብር ይጨምራል። ሜርል ተቃዋሚ ብቻ አይደለም፤ የተቃዋሚዎቹ ራስ ነው።

«እኛ የተማርነው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ምን ሆንን?» አለ።

ከሰማኋቸው ሁሉ ለእድሳቱ ደጋፊዎች ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው።

«አንተን አስነሳሃለሁ» አለኝ። «በጉባኤው ፊት። ይኸው፣ አንድ ላሜራና ጥቂት ብሎን ይዞ ትምህርት ቤቱን አርባ አምስት ዓመት ያሞቀ ሰው! እላለሁ። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው፣ ያለውን ይጠብቃል እንጂ በየሃያ ዓመቱ አዲስ አያምረውም።»

«ሜርል…»

«አትሽኮርመም! ይገባሃል።»

ስለ ሩቲ ራስ ምታት ልነግረው ነበር። እሱ ቀደመኝ። «እናቷ ዓይኗን ልታስመረምራት ነው። መነጽር ሳያስፈልጋት አይቀርም» አለ።

ምንም አላጠመድንም።

ፌብሩዋሪ 5፣ ረቡዕ

ዴልፊንና እኔ ኩፐርስ ፎርድ ወደሚባለው ጎረቤት ከተማ ነዳን። እነሱ ትምህርት ቤታቸውን ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ አድርገው አድሰዋል። ስህተት ልፈልግ ነው የሄድኩት። ሕንፃ ደግሞ ስህተቱን የሚደብቀው ምድር ቤት ነው። በቀጥታ ወደዚያ ወረድኩ።

ቦይለር የለም። ጩኸት የለም። የናፍጣ ሽታ የለም። ትልቅ ቁም ሣጥን የመሰለ ነገር አለ። ወጪው አየርና ገቢው አየር ሳይነካኩ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። ወጪው ሙቀቱን ለገቢው ያወርሰዋል። ብርዱ ይሞቃል፣ የታፈነው ይወጣል። ሩብ ሰዓት ቆሜ አየሁት። በደጅ ሲተላለፉ ካፖርት እንደሚቀባበሉ ሁለት ሰዎች… እንዲህ ቀላል ነገር ነበር እንዴ?

የሕንፃው ኃላፊ ኤታ ብሪግስ ትባላለች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት፣ እጇ እንደ እኔ እጅ የሻከረ።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማጣሪያ እቀይራለሁ። ከዚያ ዞሬ ከአየር ማስገቢያው ውስጥ ሹራብ እጎትታለሁ።»

«ሹራብ?»

«መምህራኑ ይወትፉታል። ብርድ ይገባል ብለው። ብርድ እኮ አይገባም፤ በእጅህ ብትነካው ለብ ያለ ነው። ግን የእኛ ሰው ቀዳዳ ካየ መድፈን አለበት። አያቱ ደፍኗል፣ አባቱ ደፍኗል።»

ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

አምስተኛ ክፍላቸው በሰባት ሰዓት ከሃያ፦ 680። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የአንዱን ልጅ ጠረጴዛ ግማሹን ይዞታል። ልጁ እጁን ብርሃኑ ውስጥ እያገላበጠ ያያል። ትምህርቱን አልተከታተለም። ቢሆንም ነቅቷል።

ነርሳቸው የሚታመም ልጅ አጥታ ሹራብ ትሠራለች። የት እንደሚወተፍ አልጠየቅኳትም።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ሩቲ ደብተር ይዛ መጣች። ዴልፊን «ከትምህርት ቤቱ ዕቃዎች የአንዱን ታሪክ ጻፉ» ብላ አዛለች። ሩቲ የመረጠችው ጡቡን ነው። አዲስ መነጽር አድርጋለች።

«ሚስተር ቲቦ፣ መስኮቶቹን ማን ዘጋቸው?»

«ዘመኑ ነዋ። ያኔ ናፍጣ ተወዶ…»

«ዘመን እጅ አለው እንዴ?»

«…ቦርዱ ነው።»

«ቦርዱ ራሱ ጡብ ደረደረ?»

«ግንበኛ አመጡ።»

ጻፈች። እርሳሱን ነከሰች። «ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ፍርግርግስ? እሱም ነፋስ የለውም። በላባ ሞክሬዋለሁ።»

በላባ! እኔ ወረቀት ነው ያሰብኩት። ላባ ይሻላል።

«እሱን… አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«እሺ። ባዶ መስመር እተውልዎታለሁ።»

«መነጽሩ ረዳሽ?»

«ጡቡ በደንብ ይታየኛል» አለች።

ማርች 3፣ ሰኞ

ነገ ስብሰባው ነው። ጠዋት ሁለት መቶ ሃምሳ ወንበር ደረደርኩ። ሥራዬን ስሠራ ሁለት ሐሳብ ተፈራረቁብኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሜርል ያሞግሰኛል፣ አጀንዳው ይወድቃል፣ በክብር ጡረታ እወጣለሁ። ብናገር ጓደኛዬን በከተማው ፊት አዋርደዋለሁ። ራሴንም።

ሩቲ ባዶ መስመር ትታልኛለች።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

እንደ ዓመቱ ሁሉ በስፖርት አዳራሹ ተሰበሰብን። ሴቶቹ የሹራብ ሥራቸውን ይዘው የፊት ረድፍ፣ ወንዶቹ እጃቸውን አጣጥፈው የኋላ ግድግዳ። ጠዋት ስለ መንገድ አሸዋ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ከዚያ ምሳ፦ ባቄላ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ፍራፍሬ የተሞላ ሰባት ዓይነት ፓይ። አጀንዳ ዘጠኝ ከፓይ በኋላ መጣ። ይህን ያቀናበረ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ተንኮለኛ።

ሜርል ተነሳ። ክራቫት አስሯል። ክራቫት ሲያስር ያየሁት በቀብር ብቻ ነው።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ረጅም አልናገርም» ብሎ ረጅም ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሮይስ ቲቦ፣ እስቲ ተነስ! ይህን ሰው እዩት። በ1979…»

ተነሳሁ። ጭብጨባ ጀመሩ። ያኔም እንዲሁ ነበር የጀመሩት።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ መናገር እችላለሁ?» አልኩ።

ሰብሳቢያችን ዌንደል ፓይክ መዶሻውን ብድግ አደረገ። «ለከተማው ነዋሪ ቲቦ ተፈቅዷል።»

የጻፍኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ቀረ።

«ላሜራውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። እውነት ነው። ስሜም እዚያው አለ፣ ወጥቶ ማየት ይቻላል። ለመሞቅ ነበር የዘጋሁት። የዘጋሁት ግን አየሩን ነው። ልጆቹ ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፉት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በጃንዋሪ ከፈትኩት፣ ነቁ። ቧንቧ ፈነዳ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሁለተኛውን ጊዜ እያወቅኩ።»

የሹራብ መርፌዎቹ እንኳን ቆሙ።

«ሜርል» አልኩ። «አምስተኛ ክፍል እያለህ፣ ከወንበርህ ሆነህ ምን ይታይህ ነበር?»

«ይህ ከአጀንዳው ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ብቻ ንገረኝ።»

ሜርል ውሸት አይችልም። ካርታ ጨዋታ የማያሸንፈውም ለዚሁ ነው። «ወንዙ» አለ። «የኢስትማን ላሞች። በረዶው ሲቀልጥ መስኮቱን በረጅም እንጨት እንከፍት ነበር…» ቆመ።

«እኔም ላሞቹን አይቻለሁ» አልኩ። «እኛ የተማርነው እዚያው ቤት ውስጥ አይደለም፣ ሜርል። እኛ የተማርነው መስኮት ባለው ቤት ነው። ሩቲ የሚታያት ጡብ ነው። ዓይኗ ደህና ነው። ራሷን የሚያማት አየሩ ነው።»

ሜርል ተቀመጠ።

መለኪያዋን ለዌንደል ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበ። «ሦስት ሺህ… አራት መቶ ሃያ።» ከዚያ ማዛጋት ይዞት በመዶሻው አፉን ሸፈነ።

«ድምፅ ከመስጠታችን በፊት» አልኩ፣ «ሁለቱም በሮች ተከፍተው የአሥር ደቂቃ ዕረፍት እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ሙቀቱስ?!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ስለ አሥሩ ደቂቃ አሥራ አምስት ደቂቃ ተከራከርን። በመጨረሻ ወደ አምስት ዝቅ ተደርጎ አለፈ። በሮቹን እኔው ከፈትኳቸው። በረዶ የነካው አየር ገባ። ሰው ካፖርቱን ደራርቦ እያጉረመረመ ቆመ። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሁሉም ያወራል። ፊታቸው ቀልቷል። ወይዘሮ ኢስትማን ትስቃለች።

በወረቀት ድምፅ ተሰጠ። 141 ለ118። አለፈ።

ሜርል ምን ብሎ እንደሰጠ አላውቅም። እዚህ አገር እሱን መጠየቅ ነውር ነው። ወንበር ስሰበስብ በአጠገቤ አለፈ። «አስቀድመህ ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለኝ። ትክክል ነው። እችል ነበር።

ለሩቲ ባዶ መስመሯን ነገርኳት። በጥንቃቄ ጻፈችው። «ሁለት ጊዜ ስለዘጉት ሁለት ‹ሚስተር ቲቦ› ልጽፍ ነበር፣ መስመሩ ጠበበ» አለች።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ከሜርል ሽሮፕ ማፍያ እንፋሎት ይወጣል። ከቤቴ ይታያል። በሰላሳ ዓመት ውስጥ እንጨት ላቀብል ያልተጠራሁበት የመጀመሪያው ዓመት።

ጁን 23፣ ሰኞ

ቦይለሩን በትልቅ ሰንሰለት ጎትተው አወጡት። አስሎ አልተነሳም።

ከሰዓት የአምስተኛ ክፍልን ጡብ ማፍረስ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ያያል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ብርሃኑ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ አረፈ። ግድግዳው ለካ ቢጫ ነው! ራሴ ነኝ የቀባሁት፣ አረንጓዴ መስሎኝ።

ሜርልም መጥቶ ነበር። ከሰው ራቅ ብሎ ቆሞ። ሠራተኛው የመጨረሻውን ረድፍ ሲያፈርስ ማንንም ሳያይ፣ «በዚያ በኩል ነበር ዘልዬ የምጠፋው» አለ።

«አስታውሳለሁ» አልኩ።

«አንተ ያኔ አልተወለድክም።»

«አውርተኸኛል። ብዙ ጊዜ።»

ሌላ አልተባባልንም። ግን ከሦስት ወር ተኩል ዝምታ በኋላ ሲታይ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ላሜራውን ሊጥሉት ሲሉ ተቀበልኳቸው።

ዲሴምበር 10፣ ሐሙስ

ጡቡ ከፈረሰ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ልጆቹ አንድ ሙሉ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተማሩ (መለኪያዋን አልወሰድኩም፤ አንዳንድ ነገር አለማወቅ ይሻላል)። በሴፕቴምበር ገባን። ይህ የአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ክረምት ነው። ጡረታዬን በአንድ ዓመት አራዘምኩ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ማጣሪያ መቀየር አስተምራለሁ» እላለሁ። እውነቱ ግን ማወቅ ፈልጌ ነው። ሲበርድ ምን ይሆናል? ስንት ሰው ይታመማል? ማን ይነቃል?

ውጭ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ። ውስጥ ጸጥታ። የሚያስል የለም፣ እኔም ጭምር። ነርሷ በሁለት ወር ውስጥ ስምንት ራስ ምታት ብቻ ነው ያየችው። ሦስቱ የፈተና ቀን ናቸው።

ዛሬ ስዞር ከአየር ማስገቢያው ውስጥ አራት ሹራብና አንድ ሻርፕ ጎተትኩ። አንዱ ሹራብ የዴልፊን ነው።

«ዴልፊን!»

«ይነፍስብኛል!» አለች፣ መነጽሯን እያወለቀች። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እጄ ነው። እኔ አላዘዝኩትም።»

እጅን አውቀዋለሁ። ሹራቧን መለስኩላት።

ሜርል ሐሙስ ሐሙስ ለሕፃናቱ መጽሐፍ ሊያነብ ይመጣል። የላከችው ሩቲ ናት። ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፣ መነጽሩን ትታዋለች። የሜርልን ኮፍያ መስቀያው ላይ አጣሁት። የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለገኝም። ጎትቼ አመጣሁለት።

«ነፋስ ይገባ ነበር» አለ።

«እጅህን አስጠጋ።»

አስጠጋ። ብዙ ቆየ። «ለብ ያለ ነው» አለ፣ እንደተታለለ ሰው። ከዚያ በሩ ሥር የተነጠፈውን አየ። ልጆቹ ከበረዶ ሲገቡ ቦት ጫማቸውን የሚያንጠባጥቡበት ላሜራ። ሰባት የብሎን ቀዳዳ፣ አንድ የተቆረጠ። ሁለቱ ቀይ ፊደላት ወደ ላይ።

«ፊደሎቹን ልትፍቃቸው ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

ጫማውን አወለቀ። አስተካክሎ ከልጆቹ ጫማ አጠገብ፣ ላሜራው ላይ አቆመው። «በማርች ሽሮፕ አፈላለሁ» አለ ጫማውን እያየ። «አንድ ሰው እንጨት ማቀበል አለበት።» ከዚያ በካልሲው ገባ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ፦ 640። በመላው ትምህርት ቤት አንድም የተኛ ልጅ የለም። የተኛው ሜርል ብቻ ነው፣ ትንሿ ወንበር ላይ፣ መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ እንደተከፈተ። ልጆቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ራሳቸው ያነቡለታል።

መለኪያዋን አጠገቡ ወስጄ አየሁ። የአየር ጉዳይ አይደለም።